አራት ጣት

የአባቱን ፊያት ጣሪያውን ቆረጠው፤
አራት ጣት ለክቶ በመጋዝ ቀነሰው።
«እንደ ድመት ያድባ፣ ጎንበስ ይበል» ብሎ፣
የአያቴን ቁጣ በጀርባው ላይ አዝሎ።

ላሜራ ታዘዘ፤ ብየዳው ገጠመ፤
ስቱኮው ተለስኖ ስንጥቁ ታከመ፤
መስተዋቱ ብቻ እምቢ አለ፤ ቆመ።
ፓራብሬዛ ነው፤ ሆዱ የጎበጠ፣
ከፋብሪካ ሲወጣ ልኩን የቆረጠ።
አልማዝ ጫፉን ሲነካው እንደ ጨው ፈሰሰ፤
የሁለት ወር ደሞዝ በአካፋ ታፈሰ።

ታዲያ አጎቴ ታረቀኝ ያቆማት መሰላችሁ?
የሞተረኛ መነጽር ገዝቶ ዓይኑ ላይ ሰካ፤
ከማዘጋጃ ቁልቁል ቸርችልን ሲነካ
ነፋስ አፉን ሞላው፣ ዝንብ ጥርሱን ለካ።
ክረምት ሲመጣማ ካፖርት ለብሶ ነዳ፤
ፖስታ ቤት ሲደርስ
ጉልበቱ ሥር ኩሬ፣ ተኝቶ እንደ እንግዳ።
ሰው ሳቀ፤ እሱም ሳቀ፤
እንዲህ አሥራ አንድ ዓመት።
ኋላ ተክለሃይማኖት ጀርባ፣ ከአንድ ጋራዥ ጥግ፣
አራት ድንጋይ ላይ ወጣች፤
ዶሮ እንቁላል ጣለባት፣ መሪው ሥር፣ በየወቅቱ።

ዘንድሮ ዓይኑ ደክሞ፣ ጉልበቱ ሲቆልፍ፣
«መስተዋት ግጠሚላት» አለኝ፣ ሌላ ቃል ሳይተርፍ።

ሱማሌ ተራ ወረድኩ፤ አምስት ሱቅ ሳቀብኝ፤
ስድስተኛው «እሱማ ከአያትሽ ጋር ነው» አለኝ።
ሰባተኛው ሙዘይን፣ ካርቶን ላይ ተቀምጦ፣
«ስንት ጣት?» ብቻ አለኝ፣ ፓስቲውን ገምጦ።
«አራት» አልኩት።
እጁን ዘረጋ፤ አመልካቹ ግማሽ ነው፤
መስተዋት የበላው።
«በእኔ ሲለካ» አለ፣ «ሦስት ተኩል ነው።»

ካርቶኑን ፍሬሙ ላይ አስተኝቶ ቀረጸ፤
ከወደቀ ሚኒባስ ድርብ መስተዋት አመጣ፣
መሃሉ ላስቲክ ያለው፣ በቀላል የማይቆጣ።
በዚህ ፊት ጫረ፤ ገልብጦ በዚያ ፊት ጫረ፤
ጭረቱን አልኮል አጠጣው፤ ክብሪት ለኮሰ፤ ጣለ፤
ሰማያዊ ክር ሮጦ ዳር ደርሶ ከሰለ፤
ያኔ ምላጩ ገባ፤ ላስቲኩ ተቀበለ።
ቀጥ ያለው ታዘዘ።
ማዕዘኑ ግን፣ ያ ክርኑ፦
ቀጭ።
የፀጉር ያህል መስመር ወጣ እስከ መሃል ግንባሩ።

ሁለተኛው ከማግስቱ፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ ቀጭ።

ሙዘይን አልተሳደበም። መኪናዋን ሁለቴ ዞረ፤
በርከክ ብሎ አያት፤ አፍንጫው ኮፈኗን ሊነካ።
«ይሄ ልጅ ከብረት ወሰደ፤ ከመስተዋት ጠየቀ፤
መስተዋት ግን አያጥርም፤ ያውም በአንድ ቀን።
ሁለቱን ጣት እቆርጣለሁ፤
ሁለቱን አጋድማለሁ።
ወደ ኋላ የተኛ ሰው፣
ቁመቱ ማን ይለካው?»

በያጁ ተጠራ፤ የታችኛው ከንፈር በአንድ ስንዝር ተሳበ፤
ሦስተኛው መስተዋት ክርኑ ሳይነካ ተቆረጠ፤
ጎማውን ሳሙና ቀብተን፣ ጎድጓዳው ውስጥ ሲባጎ ቀበርን፤
እኔ ከውስጥ ስስብ፣ እሱ ከውጭ በመዳፉ፣
በዚያ ሦስት ተኩል ጣቱ፣ ቀስ፣ ቀስ፣ ሲገፋ፣
ጎማው በብረቱ ላይ ከንፈሩን እያጠፈ
ዞሮ ዞሮ ገጠመ።
ሙዘይን ትንፋሹን ለቀቀ፤ የቀረችውን ፓስቲ ጠየቀኝ።

አጎቴን አስቀመጥኩት። ከማዘጋጃ ቁልቁል፣
ዝናቡ ጀመረ። መጥረጊያ ገና የለንም።
እስከ ፖስታ ቤት አፉን አልከፈተም።
ኋላ እጁን ወደ ፊት ሰዶ ጉብጠቱን ዳበሰው፤
«ነፋሱስ?» አለኝ፣ «የት ሄደ?»
ቀጠሮ እንደቀረበት ሰው።

ምን ልበል?
የጎኑን መስኮት ሁለት ዙር አወረድኩለት።
ከካፖርቱ ኪስ ያንን መነጽር አወጣ፣
ላስቲኩ የላላውን፤
አጠለቀው፤ አንገቱን ወደ ውጭ አሰገገ፤
ጥርሱን ለዝናቡ ገልጦ፣
«ንጂ!» አለ።